ጥያቄና መልስ፦ የሻከረ ድምፅ፣ ያበጠ አንገት፣ በጠርሙስ የሚዞር ናሙና

ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታና ከሜክሲኮ አካባቢ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሕመምና ካንሰር የጠየቁትን ለዚህ እትም መርጠናል። ብዙዎቻችሁ «ጥናት እንዲህ ይላል» ብላችሁ ስለጻፋችሁ፣ የጥናት ቁጥር በጠቀስን ቁጥር በማን ላይና በምን ሁኔታ እንደተገኘ አብረን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ አስተምራለሁ። ድምፄ ከሻከረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። መጀመሪያ አሞክሲሲሊን፣ ቀጥሎ ኦሜፕራዞል ታዘዘልኝ። ፌጦውንም ዝንጅብሉንም ሞክሬአለሁ። ጉሮሮዬን በባትሪ ያዩት ሐኪም «ንጹሕ ነው» አሉኝ። ሲጋራ አላጨስም። ካንሰር ይሆን?

መልስ፦ ሲጋራ በማያጨስ መምህር ላይ የሚታይ የድምፅ መሻከር አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። በመምህራን፣ በዘማሪዎችና በወያላዎች ላይ ደጋግሞ የሚገኘው በድምፅ አውታሮቹ ጠርዝ ላይ የሚወጣ፣ የስንዴ ፍሬ የማያክል እባጭ ነው። ይህን በእርግጠኝነት ለማለት ግን ማየት ያስፈልጋል፤ እስካሁን ደግሞ ያየልዎት የለም። ምላስ በእንጨት ተጭኖ በባትሪ የሚታየው ቶንሲሉ፣ እንጥሉና የጉሮሮው የኋላ ግድግዳ ነው። የድምፅ አውታሮቹ ከምላስ ሥር በታች፣ ማንቁርት ውስጥ ስለሆኑ የባትሪ ብርሃን አይደርስባቸውም። «ንጹሕ ነው» የተባለልዎት ሌላ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች መመሪያ በ4 ሳምንት ውስጥ ያልተሻለው መሻከር ማንቁርቱ መታየት አለበት ይላል። ማንቁርቱ ሳይታይ ለመሻከር ብቻ ተብሎ አንቲባዮቲክ፣ ስቴሮይድ ወይም እንደ ኦሜፕራዞልና ላንሶፕራዞል ያለ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ እንዳይሰጥም ይመክራል። ስለ አሲድ መቀነሻው ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ የጉሮሮ ምልክት የማይለቃቸው 346 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ 30 ሚሊ ግራም ላንሶፕራዞል፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል በቀን ሁለት ጊዜ ለ16 ሳምንት ወሰዱ። በሁለቱ መካከል የረባ ልዩነት አልታየም። ግልጽ ቃር ያለበት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እርስዎ ግን ስለ ቃር አልጻፉልንም።

ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም። ተቀምጠው አፍንጫዎ ውስጥ የሚያደነዝዝና የሚከፍት ስፕሬይ ይነፋል። ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ በኩል ይገባል። «ኢ» ይበሉ ይባላሉ፣ ከዚያ በኃይል አየር ይስባሉ፣ አለቀ። ካሜራ በሌለበት በሞቀ መስታወት በአፍ በኩል ማየት ይቻላል፤ ቶሎ የሚያቅለሸልሸው ሰው ላይ ግን አይሳካም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ድንዛዜው እስኪለቅ፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ምግብም ውሃም አይቅመሱ፤ ትን ይላል።

እባጭ ከሆነ መድኃኒቱ የድምፅ ሥልጠና ነው፤ ቢላዋ መጨረሻ ነው። ነጭ ሽፋን ከታየ ናሙና ይወሰዳል። አንዱ አውታር የማይንቀሳቀስ ከሆነ ምክንያቱ ከጉሮሮ ውጭ ሊሆን ስለሚችል አንገትና ደረት በሲቲ ስካን ይታያሉ። የግራውን አውታር የሚያዝዘው ነርቭ ደረት ድረስ ወርዶ፣ በትልቁ የደም ሥር ሥር ዞሮ ነውና የሚመለሰው፣ የሳንባ እብጠት ድምፅ ሊዘጋ ይችላል። እስከዚያው ክፍል ውስጥ አይጩኹ፣ አያንሾካሹኩም፤ ማንሾካሾክ ድምፅ ያሳርፋል የሚባለው ስሕተት ነው። ሲተነፍሱ ድምፅ ካሰማ፣ ደም ከተፉ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ጆሮዎ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንድ ጆሮ ከጠዘጠዘዎት ወይም አንገትዎ ላይ እብጠት ካገኙ ግን ተራ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፣ ፒያሳ እኖራለሁ። አንገቴ ላይ ንፍፊት ወጥቶ በመርፌ ተቀድቶ «የቲቢ ነው» ተብዬ መድኃኒት ጀመርኩ። ሁለተኛ ወሬን ልጨርስ ነው፤ እብጠቱ ግን ጨመረ። የተሳሳተ በሽታ እየታከምኩ ይሆን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መድኃኒቱን አታቋርጥ። የንፍፊት ቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ሳለ ሊያድግ፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል፤ የሞቱት ባክቴሪያዎች ላይ ሰውነት የሚያሳየው ቁጣ ነው። ሕክምናው በጠቅላላ 6 ወር ነው፦ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ ቀሪው 4 ወር በሁለት። ሲያበቃ እንኳ ትንሽ ጠንካራ እብጠት ሊቀር ይችላል፤ ያ ብቻውን መድኃኒቱ አልሠራም አያሰኝም።

ጥያቄህ ግን ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በመርፌው ውጤት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን አውጣና አንብበው። የቲቢ ባክቴሪያ ታይቷል ወይም የባክቴሪያውን ዘረመል በሚፈልገው ጂንኤክስፐርት በተባለው ማሽን ተገኝቷል ከተባለ ምርመራው ጠንካራ ነው። «ግራኑሎማ» (የሰውነት መከላከያ ሕዋሶች የተሰባሰቡበት እብጠት) ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ እንደኛ ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪሙ ቲቢ ማለቱ ትክክለኛ ግምት ቢሆንም ግምት ነው። ግራኑሎማ ሆጅኪን ሊምፎማ በተባለው የንፍፊት ካንሰርም ይታያል፣ ካንሰር ያለበት ንፍፊት ውስጥም አልፎ አልፎ ይገኛል። ባክቴሪያ ሳይገኝ ሁለት ወር ታክሞ የሚያድግ ንፍፊት እንደገና በመርፌ መቀዳት አለበት። በዚህኛው ጊዜ ፈሳሹ ለጂንኤክስፐርትም ይላክ፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና ማሳከክ ካለህ ለሊምፎማ አንድ ሙሉ ንፍፊት ወጥቶ መመርመር ሊያስፈልግ ይችላል።

ሌላው የሚረሳው ቦታ ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው ክፍት ነው። የዚያ ቦታ ካንሰር ከኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው፤ እንደ ሌሎቹ የጉሮሮ ካንሰሮች ሽማግሌና አጫሽ አይመርጥም። በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶችንም ይይዛል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ከጆሮ በታች፣ አንገት ላይ ከፍ ብሎ የሚወጣ ንፍፊት ነው። አንድ ጆሮህ ከተደፈነ ወይም የምትናፈጠው ደም ከቀላቀለ፣ ያን ቦታ በካሜራ እንዲያዩልህ በግልጽ ጠይቅ። ይህ ካንሰር ለጨረርና ለኬሞ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የቻይና ጥናት ከጨረሩ በፊት ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ሲጨመሩ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው 3 ዓመት የቆዩት ከ76.5 በመቶ ወደ 85.3 በመቶ ከፍ እንዳሉ አሳይቷል።

ንፍፊቱን በምላጭ ማስበጣት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ቲቢ ከሆነ ቁስሉ ለወራት እየመገለ ይቆያል። ከ40 ዓመት በላይ ለሆኑ አንባቢዎች ደግሞ፦ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ የማያም፣ ጠንካራ የአንገት እብጠት ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ እንደ ካንሰር ይታያል። መጀመሪያ መርፌ ነው፤ ሳይመረመር ተቆርጦ የወጣ ንፍፊት ቀጣዩን ቀዶ ሕክምና ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ከእናቴ ምላስ ናሙና ተወስዶ በጠርሙስ ተሰጠኝ፤ ወደ ግል ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ እንዳደርሰው ተነገረኝ። ዓርብ ከሰዓት ስለነበር ፍሪጅ አስገብቼው ሰኞ አደረስኩት። ተበላሽቶ ይሆን? ውጤቱ «ካንሰር አልታየም» ይላል፤ ቁስሉ ግን እንዳለ ነው።

መልስ፦ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ፎርማሊን ከሆነ ከዓርብ እስከ ሰኞ መቆየቱ አያበላሸውም። ትክክለኛው ፈሳሽ 10 በመቶ ፎርማሊን ነው፤ መጠኑም ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ፍሪጅ አያስፈልገውም። በረዶ ቤት ከገባ ግን ሥጋው ውስጥ የሚፈጠረው በረዶ ሕዋሶቹን ይሰነጣጥቃቸዋል። ከምግብ ጋር ማስቀመጡም ልክ አልነበረም፤ የፎርማሊን ትነት መርዝ ነው። ለወደፊቱ በሁለት ፕላስቲክ ጠቅልለው ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት፤ እጅዎ ላይ ከፈሰሰ በብዙ ውሃ ይታጠቡ።

አደጋው ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው የጨው ውሃ ከሆነ ነው። ሥጋ በጨው ውሃ ውስጥ ከሰዓታት በኋላ መፍረስ ይጀምራል፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ዓይን ሥር የሚደርሰው ምንም የማይነበብበት ይሆናል። ስለዚህ ናሙና ተቀብለው ከክፍሉ ሳይወጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ፈሳሹ ምንድን ነው? ስንት ቁራጭ ነው? ስሟ የተጻፈው ጠርሙሱ ገላ ላይ ነው ወይስ ክዳኑ ላይ? ክዳን ከክዳን ጋር ይቀያየራል። ጠርሙሱ አፈ ሰፊ ይሁን፤ በጠባብ አፍ የገባ ሥጋ ፎርማሊን ጠጥቶ ሲጠነክር አይወጣም። መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ምላስ» ብቻ ማለት አይበቃም። የቀኝ ወይስ የግራ ጠርዝ፣ ቁስሉ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ በፊት ጨረር ወይም ሌላ ሕክምና ወስዳ እንደሆነ ይጻፍ።

«ካንሰር አልታየም» ማለት በተላከው ቁራጭ ላይ አልታየም ማለት ነው። ምላስ ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ ናሙናው ይደገማል፤ ሁለተኛው ከቁስሉ መሐል ሳይሆን ከጠርዙ፣ ጤነኛውን ሥጋ ነክቶ፣ ጠለቅ ብሎ መወሰድ አለበት። መሐሉ የሞተ ሥጋና መግል ብቻ ሊሆን ይችላል። ላቦራቶሪው ሥጋውን በሰም ብሎክ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሌላ ሐኪም እንዲያየው ከፈለጉ የሚጠይቁት ብሎኩንና ስላይዱን ነው።

ሁለተኛው ናሙና ካንሰር ካሳየ፣ ሐኪሞቹ አንገቷ ላይ ምንም ሳይዳሰስ «አንገቷንም እናጸዳለን» (የአንገቷን ንፍፊቶች እናወጣለን) ቢሉ ከልክ ያለፈ አይምሰልዎ። በሙምባይ የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ይህንኑ ጥያቄ በመጀመሪያ ደረጃ የአፍ ካንሰር ላይ ፈትኗል። አንገታቸው ቀድሞ ከጸዳላቸው በ3 ዓመት 80 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ንፍፊት እስኪወጣ ከተጠበቀላቸው 67.5 በመቶው። ብዙ ጊዜ በካንሰር ጥናት እንዲህ የሰፋ ልዩነት አይገኝም። ምላስ ላይ ያለው ካንሰር ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ እንደጠለቀ የሚጻፈውም ለዚህ ነው፤ ከላይ ቧጠጥ ተደርጎ የተወሰደ ናሙና ያን ቁጥር ሊሰጥ አይችልም።

ጥያቄ፦ አባታችን 63 ዓመታቸው ነው። ማንቁርታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ ሐኪሞቹ «ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ» አሉ። እኛ ጨረር ይሻላል አልን። አሜሪካ ያለው ወንድማችን «እዚህ ማንቁርት ማውጣት ቀርቷል» ይላል። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ወንድማችሁ የሚለው ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ጥናት 332 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። የአንደኛው ወገን ማንቁርት ወጥቶ ጨረር ተሰጠ፤ ሌላኛው ወገን በኬሞ ጀምሮ፣ እብጠቱ ሲቀንስ ወደ ጨረር አለፈ። ከ2 ዓመት በኋላ በሁለቱም በኩል 68 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ በኬሞው ወገን 64 በመቶው ማንቁርታቸውን ጠብቀው ቆዩ። በ2003 የወጣው ተከታይ ጥናት ኬሞና ጨረር በአንድ ጊዜ ከተሰጣቸው 88 በመቶው፣ ኬሞ ቀድሞ ከተሰጣቸው 75 በመቶው፣ ጨረር ብቻ ከተሰጣቸው 70 በመቶው በ2 ዓመት ማንቁርታቸው እንዳልወጣ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር መንገዱን የቀየረው በእነዚህ ሁለት ጥናቶች ነው።

ግማሹ ስሕተት የሚሆነው ቁጥሮቹ የማን እንደሆኑ ሲረሳ ነው። ሁለተኛው ጥናት ካንሰሩ የማንቁርቱን አጥንት መሰል ግድግዳ በስቶ የወጣባቸውን ሰዎች አላስገባም። የመጀመሪያው አስገብቶ ነበር፤ በአራተኛው የስፋት ደረጃ ላይ ከነበሩት 56 በመቶው በኋላ ማንቁርታቸውን ማስወጣት ግድ ሆነባቸው፣ ካንሰሩ ከዚያ ባነሰባቸው ግን 29 በመቶው። የተረፈ ማንቁርት ሁሉ ደግሞ የሚሠራ ማንቁርት አይደለም። ምግብ ወደ ሳንባ የሚያስገባ፣ በቱቦ ብቻ የሚያስተነፍስ ማንቁርት ስሙ ብቻ ነው የተረፈው።

ስለዚህ «የትኛው ይሻላል» ብላችሁ ከምትከራከሩ ሐኪሞቹን እነዚህን ጠይቁ፦ በሲቲ ስካኑ ግድግዳው ተበስቷል? አባታችሁ አሁኑኑ ለመተንፈስ አንገታቸው ተበስቶ ቱቦ ገብቶላቸዋል? ሳይታፈኑ ይውጣሉ? ኩላሊታቸውና ጆሯቸውስ? ከጨረር ጋር የሚሰጠው ሲስፕላቲን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 100 ሚሊ ግራም፣ በየ3 ሳምንቱ ሦስት ጊዜ ነው፤ ኩላሊትና መስማትን ይጎዳል። ከመጀመሩ በፊት የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ (ክሪያቲኒን) መታየት፣ መስማታቸውም መለካት አለበት። ላይችሉት ይችላሉ ተብሎ በየሳምንቱ በትንሹ ይሰጥ ከተባለ መጠኑን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሕንድ ጥናት በዚሁ የካሬ ሜትር ስሌት በየሳምንቱ 30 ሚሊ ግራም ከየ3 ሳምንቱ 100 ያነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል፤ በ2 ዓመት ካንሰሩን በቦታው መቆጣጠር የቻለው በ58.5 በመቶው ነው፣ ሌላው በ73.1 በመቶው። በየሳምንቱ 40 ሚሊ ግራም ግን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከጨረር ጋር ሲሰጥ፣ ከየ3 ሳምንቱ 100 እንደማያንስ የጃፓን ጥናት በ2022 አረጋግጧል። ሲስፕላቲን ጨርሶ ለማይችሉ ዶሴታክሰል የተባለው ሌላ ኬሞ በካሬ ሜትር 15 ሚሊ ግራም በየሳምንቱ ከጨረር ጋር ሲሰጥ ከጨረር ብቻ የተሻለ መሆኑም በ2023 ታትሟል።

ከሁሉ በላይ ግን ቀጠሮውን ጠይቁ። ጨረሩ 35 ጊዜ ነው፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 7 ሳምንት። ከዚያ በላይ የተራዘመ አንድ ቀን ካንሰሩን የመቆጣጠር ዕድልን 1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር፤ ወረፋው እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ አዲስ አበባ ውስጥ ካንሰር ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል። ጨረሩ ከወራት በኋላ የሚጀመር፣ መሐል ላይም ማሽን በተበላሸ ቁጥር የሚቋረጥ ከሆነ፣ ከላይ የጻፍነው 88 በመቶ የአባታችሁ ቁጥር አይደለም። በእኛ ግምት የሐኪሞቹ ምክር ምናልባት ይህንንም አስልቶ ይሆናል። ቀዶ ሕክምናውን ከመረጣችሁም ጨረሩ በ6 ሳምንት ውስጥ መጀመር ስላለበት ቀጠሮው የሚያዘው ከቀዶው በፊት ነው። ማሽን ከተቋረጠ በኋላ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ ወይም ቅዳሜ በመስጠት ማካካስ እንደሚቻልም ጠይቁ።

ጨረር ከሆነ የሚነቀል ጥርስ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይነቀል፤ ጨረር ከወሰደ መንጋጋ ላይ ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ክብደታቸውንም በየሳምንቱ መዝኑ። ሲከሱ ፊታቸውን የሚይዘው ጭንብል ይላላል፣ ጨረሩም ከታለመበት ይስታል። ወቅቱ ጾም ቢሆን እንኳ አጥሚቱ ወተትና ቅቤ ይግባበት፤ ሕመምተኛ ከጾም ነጻ መሆኑን የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ቢነግሯቸው ይቀላል።

ማንቁርት ሲወጣ አየር የሚገባውና የሚወጣው ለዘለቄታው አንገት ላይ በተከፈተው ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳው በስስ ጨርቅ ይሸፈናል፣ እንዳይደርቅም ክፍሉ በእንፋሎት ይረጥባል። ድንገተኛ ቢደርስባቸው ኦክስጅን የሚሰጠው በአንገታቸው እንጂ በአፍንጫቸው አይደለም፤ ይህን የሚገልጽ ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ይኑር። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ከራስ ላይ አይፍሰስባቸው፣ አይነከሩም፤ በቀዳዳው የገባ ውሃ ቀጥታ ሳንባ ነው የሚገባው። መጠጣትና በእጅ መታሸት ይበቃል። ለመናገር ሦስት መንገድ አለ፦ አየር ውጦ በግሳት መናገር መለማመድ፣ አንገት ላይ የሚደገፍ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ፣ ወይም በአየርና በምግብ ቧንቧ መካከል የሚገባ ትንሽ ቫልቭ። በቫልቩ የሚወጣው ድምፅ ከሁሉም ለሰው ድምፅ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን በየጥቂት ወሩ ይቀየራል። ቫልቩ ከመግባቱ በፊት መቀየሪያው አገር ውስጥ እንደሚገኝ ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ በምታከምበት ሆስፒታል የአዲስ መድኃኒት ጥናት ውስጥ እንድገባ ተጠየቅኩ። በዕጣ ነው አሉ። በሰው ሕይወት ዕጣ ይወጣል? (ከልደታ)

መልስ፦ ዕጣ የሚወጣው የትኛው እንደሚሻል በእውነት በማይታወቅበት ጊዜ ነው፤ «አዲስ» ሁሉ የተሻለ እንዳልሆነ ደግሞ የራሳችን ዘርፍ አስተምሮናል። በፓፒሎማ ቫይረስ የሚመጣ የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰር ላይ ሴቱክሲማብ የተባለው ውድ መድኃኒት ከሲስፕላቲን የቀለለ ጉዳት እንደሚኖረው ታምኖ ነበር። በዕጣ ሲፈተን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ የአውሮፓ ጥናት፣ ሲስፕላቲን ከወሰዱት 97.5 በመቶው በ2 ዓመት በሕይወት ነበሩ፣ ሴቱክሲማብ ከወሰዱት 89.4 በመቶው። ጉዳቱም አልቀነሰም። ያለ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው በቅንነት ይጎዳ ነበር?

በሌላ በኩል ለእኛ ኪስ የሚሆን ጥናትም በዚሁ መንገድ ተገኝቷል። ኒቮሉማብ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነቃ ውድ መድኃኒት ነው፤ የተለመደው መጠኑ 240 ሚሊ ግራም ነው፤ የሕንድ ሐኪሞች 20 ሚሊ ግራም ብቻ በየ3 ሳምንቱ ከርካሽ የሚዋጡ መድኃኒቶች ጋር ሰጥተው፣ ካንሰሩ ተመልሶባቸው ወይም ተዛምቶባቸው ከነበሩት አንድ ዓመት በሕይወት የቆዩትን ከ16.3 ወደ 43.4 በመቶ ከፍ አደረጉ።

ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱ በአማርኛ መሆኑን፣ አንድ ቅጂ ለእርስዎ መሰጠቱን፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀበትን ቁጥር፣ መድኃኒት ከሆነም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መፍቀዱን ይመልከቱ። ዕጣው ወደ ነባሩ ሕክምና ቢጥልዎ ምን እንደሚሰጥዎ፣ ተጨማሪ ሲቲ ስካንና የታክሲ ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም፣ ደምዎ ወደ ውጭ አገር የሚላክ እንደሆነ ይጠይቁ። በማንኛውም ቀን መውጣት ይችላሉ፤ ወጥተዋል ተብሎ ካርድዎ ወረፋ መጨረሻ አይሄድም። ወረቀቱን ቤት ወስደው ከቤተሰብ ጋር ማንበብም መብትዎ ነው። «አሁኑኑ ይፈርሙ» ካሉዎት አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ጆሮ ይፈሳል፣ ይሸታል። እናቴ ቅቤ አሙቃ ታንጠባጥብለታለች። እንጥሉንም ካልተቆረጠ አይድንም ትላለች።

መልስ፦ ቅቤውን ያቁሙ፤ በተበሳ ታምቡር በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ንጹሕ ስስ ጨርቅ እንደ ክር ጠምዝዘው ጆሮው ውስጥ ያስገቡ፣ ሲረጥብ አውጥተው ሌላ ይተኩ፣ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ያድርጉ። ከደረቀ በኋላ የታዘዘለትን የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ በእጅዎ መዳፍ ሞቅ አድርገው ጨምሩለት፣ ለ2 ሳምንት። ቀዝቃዛ ጠብታ ያዞራል። ጆሮው በር ላይ ያለችውን ትንሽ ሥጋ ደጋግመው ጫን ጫን ያድርጉ፤ ጠብታው ወደ ውስጥ የሚሄደው ያኔ ነው። ሳይደርቅ የተጨመረ ጠብታ መግሉ ላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ «ጠብታው አልሠራም» ከሚሉን ወላጆች የብዙዎቹ ምክንያት ይህ ነው። የጀንታሚሲን ጠብታ በተበሳ ጆሮ መስማትን ሊያጠፋ ስለሚችል ሌላ ካለ እሱን አይጠቀሙ። ከጆሮው በስተኋላ ካበጠ፣ ፊቱ ከተጣመመ፣ ራሱን እያመመው ካስታወከ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ሽታው ከሕክምና በኋላም ካልለቀቀ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ሊያየው ይገባል።

እንጥሉ ከጆሮው ጋር ምንም አያገናኘውም። መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሕፃን በደሙ ትን ሊባል ይችላል።

ጥያቄ፦ 15 ዓመት የሆነው ወንድ ልጄ ከግራ አፍንጫው በየጊዜው ይነስረዋል፣ ያው ወገን ተዘግቷል።

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ ብቻ ማለት ይቻላል የሚወጣ፣ ካንሰር ያልሆነ ግን በደም ሥር የተሞላ እብጠት አለ። ከምንም በፊት ስካን ይነሣ። በተመላላሽ ክፍል ከእብጠቱ ናሙና መውሰድ ለማቆም የሚያስቸግር ደም ያመጣል፤ ሐኪሙ ይህን ያውቃል፣ እርስዎም ይወቁት።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመታት የቤት ዕቃ ሠርቻለሁ። የእንጨት ብናኝ ካንሰር ያመጣል መባሉ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠው ተርታ መድቦታል፤ የሚያመጣውም በአፍንጫና በሳይነስ ላይ ነው። ካንሰሩ እምብዛም የማይገኝ ስለሆነ አይደንግጡ፤ ብናኙን ግን በመጭመቂያ አየር አይንፉት፣ ውሃ ረጭተው ይጥረጉት፣ በጨርቅ ፈንታ ፊት ላይ ልጥፍ የሚል ኤን 95 ጭንብል ያድርጉ። አንድ ወገን ብቻ ከተዘጋ፣ ከዚያው ወገን ደም የቀላቀለ ንፍጥ ከወጣ፣ ያንኛው ዓይን ካለቀሰ ወይም የላይኛው ጥርስ ከተነቃነቀ ለሐኪሙ ከሕመሙ በፊት ሥራዎንና ስንት ዓመት እንደሠሩ ይንገሩ። ስፕሬይ አንድ ወር ተወስዶ ያ ወገን ካልተከፈተ ሁለተኛ ስፕሬይ አይግዙ፤ የአፍንጫ ኢንዶስኮፒ (በቀጭን ካሜራ ማየት) እና ሲቲ ስካን እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።